ያልተመታችው ሪጎሬ

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጄ ናሆም ቴሌቪዥኑ ላይ ተጣብቆ እንግሊዞች የኳስ ዓመታቸውን የሚከፍቱበትን ጨዋታ ያያል። የሊጉ ባለድልና የጥሎ ማለፉ ባለድል የሚገናኙባት፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የምትደረግ ጨዋታ ናት። ዓይኑን ሳይነቅል «እማ፣ እንዲህ ዓይነት ዋንጫ እኛ አገር ኖሮ አያውቅም አይደል?» አለኝ። ሽንኩርቱን ትቼ ተነሣሁ። ኖሮ አያውቅም ይለኛል እንዴ! «ስሙን የአሸናፊዎች አሸናፊ ይሉት ነበር» አልኩት። «አገሪቱም ነበራት፣ እኛ ወፍጮ ቤት ሰፈርም ነበረን። የአገሪቱ ቀረ። የእኛ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።» አሁንም ዓይኑን አልነቀለም። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንዲት አሮጌ የቆዳ ኳስ አውርጄ ጭኑ ላይ ሳስቀምጥለት ግን ዘሎ ተነሣ። «ኤጭ! ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» «ሞራ ነው» አልኩትና ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። መመለሱን ተመለስኩ እንጂ ልቤ እዚያው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቀረ።

ልጅ ሳለን የደብረ ማርቆስ ክረምት በእኛ ሰፈር የሚሸተው እርጥብ ባሕር ዛፍና ትኩስ ዱቄት ነበር። ሜዳችን ከወፍጮው ጀርባ ስለሆነ፣ እህል ጭነው የመጡ አህዮች ተራ እስኪደርሳቸው ሣር የሚነጩት እኛው መሀል ነው። አጥቂ ተከላካዩን አልፎ፣ በረኛዋን ሊያገኛት ሲል ከአህያ ጋር የሚፋጠጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በርበሬ የሚፈጭበት ቀንማ አይነሣ! ነፋሱ ወደ እኛ ከዞረ ተጫዋቹም ተመልካቹም በአንድነት ያስነጥስና ጨዋታው ይቆማል። ጭቃው ደግሞ ሌላ ነው። ኳስ ስትመታ ኳሷ እዚያው ተተክላ ጫማህ ብቻውን ጎል የሚገባበት ሜዳ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሸራ ጫማ ያለው ልጅ ኳስ ባይችልም ይሰለፋል፣ ማን ደፍሮ ያስቀረዋል!

በረኛ የሆንኩት ጎበዝ ስለነበርኩ አይደለም። እናቴ ገበያ ስትወርድ ታላቅ ወንድሜን ደረጀን «እመቤትን ከዓይንህ እንዳትለያት» ትለዋለች። እሱ ደግሞ የሰፈሩ ቡድን አምበል ነው። ኳሱንም እኔንም የሚጠብቅበት መላ ሲያጣ ሁለቱ ቋሚ እንጨቶች መሀል አቆመኝና «እዚህ ቁሚ፣ ንቅንቅ እንዳትይ» አለኝ። ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ ኳስ መጥታ ሆዴ ላይ አረፈች። አቀፍኳት፣ አለቀስኩ፣ ግን አልለቀቅኳትም። ከዚያ ቀን ወዲያ ወፍጮ ቤቶች ሌላ በረኛ ፈልገው አያውቁም። የሌላ ሰፈር ልጆች መጀመሪያ ላይ «ሴት በረኛ!» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ በኋላ በኋላ ሳቁን ትተው እኔን ወደ ሰፈራቸው ለመውሰድ ከረሜላ ማምጣት ጀመሩ። ከረሜላውን እበላለሁ፣ ሰፈሬን ግን አልቀይርም።

ያሠለጠነኝ አብዱ ነው። አብዱ የጎረቤታችን የባለ ሱቁ የሐጂ ሰይድ ልጅ ነው፣ የቡድናችን አጥቂ፣ ግራኝ፣ ከሁላችንም አጭር። ቁመቱ ያሳስበው ነበር፣ በየሳምንቱ ከሱቁ በር ጋር ይለካካል፣ በየሳምንቱ ያው ነው። ወደ ማታ አካባቢ ሱቃቸው ጀርባ ካለው ግድግዳ ሥር ባዶ የጨው ጆንያ ያነጥፍልኝና በዚያች ግራ እግሩ ይለጋብኛል። ስወድቅ ጆንያው ላይ ነው። ክንዴ ጨው ጨው ይላል፣ እናቴ ሳትሰማ በፊት ታጥቤ እገባለሁ። አንድ ቀን አዝኖልኝ ቀስ ብሎ ቢመታልኝ አኩርፌ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ አዝኖልኝ አያውቅም።

የአሸናፊዎች አሸናፊን ያመጣብን የሐጂ ሰይድ ሬዲዮ ነው። ሱቁ ደጃፍ ተኮልኩለን የስፖርት ወሬ ስንሰማ ጋዜጠኛው በዚያ በሚያስገመግም ድምፁ፣ የሊጉ ባለድልና የጥሎ ማለፉ ባለድል አዲስ አበባ ላይ ሊጋጠሙ ነው አለ። ደረጀ ብድግ አለ። ሊግ አለን፣ ወፍጮ ቤት፣ ውሃ ታንከርና ገበያ ሰፈር፣ ሦስት ብንሆንም ሊግ ሊግ ነው። ጥሎ ማለፍም አለን። ሦስት ቡድን እንዴት ጥሎ ያልፋል አትበሉኝ፣ አንዱ ዕጣ ይወጣለትና ሳይጫወት ፍጻሜ ይደርሳል። ታዲያ የጎደለን ይኼ ብቻ ነው! እዚያው ደጃፉ ላይ ደንብ አወጣን፣ ደንቡም አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ የሊጉ አሸናፊ ከጥሎ ማለፉ አሸናፊ ይጋጠማል። ቀኑም ጳጉሜ ሦስት ሆነ፣ የሩፋኤል ለት ሥራ የሚያዘን የለምና። ሁለቱ አሸናፊ አንድ ቡድን ቢሆንስ ብሎ ያሰበ አንድም ልጅ አልነበረም። ሬዲዮውም አልነገረን።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሸጋ ነበር። ዋንጫችን ቢጫ የተቀባ የቀለም ቆርቆሮ ነው፣ ያሸነፈ ሰፈር ለዓመቱ ይይዘዋል። ኋላ ግን የሐጂ ሰይድ ቤተሰብ ደጀን ሊገባ ነው የሚል ወሬ መጣ። መኪናው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው፣ ለሱቅ ይሻላል ተባለ። አብዱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ጆንያው ላይ እንደወደቅኩ። «ጳጉሜ አራት እንሄዳለን» አለና ሌላ ኳስ ለጋብኝ። አልያዝኳትም። እያየኋት አለፈችኝ።

ሐጂ ሰይድ ደግ ሰው ናቸው። ለሰፈሩ ልጆች መሰናበቻ ይሁን ብለው ከአዲስ አበባ እውነተኛ የቆዳ ኳስ አስመጡልን። እናንተዬ፣ ያ ሽታ! እስከዚያ ድረስ የምናውቀው የካልሲ ኳስና በእሾህ የምትተነፍስ የፕላስቲክ ኳስ ነው። ይቺ ግን የተሰፋች፣ ውስጧ አየር የሚነፋበት ካመነዳሪ ያለባት፣ ስትነጥር ደረትህ ውስጥ የምትሰማ ነገር ናት። ሐጂ ባንኮኒው ላይ አስቀመጧትና «የአሸናፊዎች አሸናፊ ያሸነፈ ይውሰዳት፣ ለዓመት አይደለም፣ ለዘለቄታው» አሉ። ክረምቱን ሙሉ ጨው ሊገዛ የሚላክ ልጅ ሁሉ ኳሷን አሽትቶ ነው የሚመለሰው።

ታዲያ ያን ክረምት ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ሁለቱንም አሸነፍን። ሊጉን ወሰድን፣ ጥሎ ማለፉንም ወሰድን፣ ጨፈርን፣ ከጨፈርን በኋላ ነው ነገሩ የገባን። ደረጀ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ «ሁሉንም ያሸነፍነው እኛ ነን፣ ከማን ጋር እንጋጠም? ኳሷ ትሰጠን» አለ። የውሃ ታንከር አምበል ጎበዜ ደግሞ አፉ አይጣል ነው። «ሳይጫወት ሽልማት የሚወስድ ማን አይቶ ያውቃል? ሁለተኛ የወጣነው እኛ ነን፣ ከእናንተ የምንጋጠመው እኛ ነን» ይላል። አዲስ አበባ እንዲህ ሲገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቅ የለም። ነገሩ ወደ ድንጋይ መወራወር ሲያመራ ሐጂ ሰይድ ኳሷን አንሥተው መደርደሪያው ላይ አወጧትና «ዳኛ ይየው እንጂ እኔ በጩኸት አልሰጥም» አሉ።

በዚያች ሰዓት ጨው ሊገዙ የገቡት አያ ምህረቴ ነበሩ። አያ ምህረቴ በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሁሉ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ወንድማማች በውርስ ሲጣላ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ከብት ሲያካፍሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ኳስ ግን በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም፣ ለእሳቸው ኳስ ማለት ልጅ ከሥራ የሚያስቀር ነገር ነው። ሐጂ «አያ ምህረቴ፣ እስቲ ይህን የልጆች ጉድ ይዩልኝ» ሲሏቸው እኛ ፈገግ አልን። እሳቸው ፈገግ አላሉም። ጨዋቸውን አስቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጆንያው ላይ ተቀመጡና «ከሳሽ ወዲህ፣ ተከሳሽ ወዲያ» አሉ።

እውነተኛ ችሎት ሆነ። ደረጀም ጎበዜም ዋስ እንዲጠሩ ተደረገ። ለደረጀ አብዱ ዋስ ሆነ። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል፣ ጎበዜ ጣልቃ ሲገባ በከዘራቸው መሬቱን ይመቱና «ተራህን!» ይሉታል። ሁለቱንም ሰምተው ሲያበቁ «ደንባችሁ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። ደረጀ አነበነበላቸው። «የሊጉ አሸናፊ ማነው?» «ወፍጮ ቤት።» «የጥሎ ማለፉስ?» «ወፍጮ ቤት።» አያ ምህረቴ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያማ ምን ያጣላችኋል? ወፍጮ ቤት ከወፍጮ ቤት ይጋጠማ!» አሉ።

ደረጀ «አያ ምህረቴ፣ እኛ እኮ አንድ ቡድን ነን» አላቸው። «አንድ አባት የወለዳቸው ልጆችስ አንድ ቤት አይደሉም?» አሉት። «ጊዜው ሲደርስ ይካፈሉ የለም እንዴ! እናንተም ተካፈሉ። አንተ ትከፍላለህ፣ ይኼ ዋስህ ይመርጣል። ከፋዩ አዳልቶ እንዳይከፍል መራጩ እሱ አይሆንም፣ እኛ ዘንድ እንደዚህ ነው የሚደረገው።» ጎበዜ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዛሬ ሳስበው የሚያስቅ ፍርድ ነው፣ ያን ለት ግን ከዚያ የተሻለ ፍርድ በዓለም ላይ ያለ አልመሰለንም።

ደረጀ ከፈለ። ብልጥ ነው ወንድሜ፣ ሸራ ጫማ ያላቸውን በአንድ ወገን፣ ባዶ እግራቸውን የሆኑትን በሌላ ወገን አቆመ። አብዱ ለጫማ ይጓጓል ብሎ ነው፣ ጎበዞቹን ባዶ እግር ውስጥ ሸጉጧቸዋል። አብዱ ሁለቱን ረድፍ አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ባዶ እግሮቹን መረጠ። ያን ጊዜ የደረጀን ፊት ማየት ነበረባችሁ! ሁሉም ተካፍሎ ሲያልቅ እኔ መሀል ላይ ቀረሁ፣ በረኛ አንድ ብቻ ነኛ። «ይቺስ?» አሉ አያ ምህረቴ። «እሷ አትከፈልም» አለ አብዱ። እሳቸው ለዚህም መልስ ነበራቸው፦ «የማይከፈል ንብረት ለሁለቱም በተራ ያገለግላል። ግማሹን ጊዜ ለዚህ ትቁም፣ ግማሹን ለዚያ።» እንደ በሬ በተራ ልጠመድ ተፈረደብኝ ማለት ነው!

ከዚያ እስከ ጳጉሜ ሦስት ድረስ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። በሕይወቱ ጀሪካን ነክቶ የማያውቀው ደረጀ በእኔ ፋንታ ውሃ መቅዳት ጀመረ። «እህቴ» ይለኛል። መቼ ነው እህቴ ብሎኝ የሚያውቀው? እናቴ ግራ ገብቷት ግንባሩን በእጇ ዳሰሰች። እሱ ኳሷ እኛ ግቢ እንድትቀር ነው የሚፈልገው። እኔም እፈልጋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ደግሞ አብዱ በጨዋታው ማግሥት ሊሄድ ነው፣ ባዶ እጁን መሄዱን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ይሄ ሁሉ በልቤ ሲመላለስ አብዱ ግድግዳው ሥር ጠራኝና «ስሚ፣ እንዳትለቂልኝ» አለኝ። «ብትለቂልኝ አውቃለሁ። ካወቅኩ ደግሞ ከደጀን ሰላምታ እንኳ አልክልሽም።»

የጨዋታው ለት ሰማዩ ከጧት ጀምሮ ከብዶ ነበር። አያ ምህረቴ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጥተው የወፍጮ ቤቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ሐጂ ኳሷን በነጭ ሻሽ ጠቅልለው አመጧት፣ የምንጫወተውም በእሷው ነው። ፊሽካ ስለሌለን በጣቱ እንዲያፏጭ ጎበዜ ዳኛ ሆነ፣ ከእሱ በላይ ገለልተኛ ከየት ይመጣል! በማዶው ጎል አንድ ተከላካይ እያቆሙ፣ መጀመሪያ ለአብዱ ወገን ቆምኩ፣ ደረጀ አገባብኝ። ከዕረፍት በኋላ ለደረጀ ወገን ቆምኩ፣ አብዱ አገባብኝ። እናቴ ከአጥሩ ማዶ «አይ አንቺ! ለሁለቱም አልሆንሽ!» ብላ ሳቀች። ጫማ የነበራቸው ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ሁሉም ባዶ እግሩን ጨረሰ። አንድ ለአንድ አለቀ።

ሪጎሬ ተባለ፣ የእናንተ ልጆች ፔናልቲ የሚሉት ነው። አሁን ተመልከቱልኝ፣ በረኛዋ እኔ ብቻ ነኝ። የደረጀም ወገን የሚመታው እኔ ላይ ነው፣ የአብዱም ወገን የሚመታው እኔ ላይ ነው። የኳሷ ዕጣ በእኔ እጅ ወደቀ። እነሱ ሲያገቡ እነዚያም ሲያገቡ፣ እነዚያ ሲስቱ እነሱም ሲስቱ ቆይተው በመጨረሻ ሁለቱ አምበሎች ቀሩ። ደረጀ መጣ። ቀኝ ቀኙን እንደምወድቅ ያውቃል፣ አብሮኝ ነው ያደገው። እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ወደ ግራ መታት፣ ወደ ግራ ወደቅኩ፣ ያዝኳት። ወንድሜ ጭቃው ላይ ቁጭ አለና «ውሃ የቀዳሁልሽ ለዚህ ነው?» አለኝ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ቀረ አብዱ። ካገባ ኳሷ የእሱ ናት፣ ነገ በጧት አብራው ደጀን ትሄዳለች። አስቀመጣት፣ ሸሚዙን ከሱሪው አወጣ፣ ወደ ኋላ ሄደ። ቀና ብሎ አየኝ። ልነግራችሁ የምፈልገው ይህንን ነው፦ እንድይዛት ከልቤ ፈለግኩ፣ እንዲያገባትም ከልቤ ፈለግኩ። ሁለቱንም! እንደዚያ ሆኜ አላውቅም፣ እንባዬ ሊመጣ ነው፣ እጄን ግን ዘርግቻለሁ። አያ ምህረቴ ሳይቀሩ ከድንጋያቸው ተነሥተው ቆመዋል።

በዚህ መሀል ከጮቄ ተራራ በኩል ያ ዝናብ መጣ። መጀመሪያ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ተንኳኳ፣ ቀጥሎ አንድ ሕፃን «ሩፋኤል!» ብሎ ጮኸ። አለቀ በቃ! የእኔ ዕድሜ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ የጳጉሜ ሦስት ዝናብ ጠበል ነው፣ ልጅ ሆኖ በዚያ ዝናብ ያልታጠበ አያድግም ይባላል። ተመልካች የለ፣ ተጫዋች የለ፣ ዳኛው ጎበዜ ጣቱን ከአፉ አውጥቶ ሸሚዙን ወረወረና ሮጠ። አብዱ ኳሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ኳሷን እዚያው ትቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያለ ወደ ሜዳው መሀል ሮጠ። ከሁሉም ልቆ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነበር። ሐጂ ሰይድ ከጥላቸው ሥር ሆነው ሆዳቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። እኔም ጎሌን ለቅቄ ተከተልኩት።

ስንመለስ ኳሷ ኩሬ ላይ ትንሳፈፋለች። አያ ምህረቴ ጋቢያቸው በስብሶ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ችሎቱ ነው። «የዚህ ልጅ አንድ ምት ቀርታለች» አሉ። «ለከርሞ ጳጉሜ ሦስት ተቀጥሯል። እስከዚያ ኳሷ የማንም አይደለችም፣ በበረኛዋ እጅ ትቆይ። ቆዳ ነው፣ ሞራ እየቀባች ታቆያት።» ይግባኝ የለም። ደረጀም አብዱም እጅ ነሡ። በነጋታው ጧት የሐጂ ሰይድ ዕቃ የተጫነበት መኪና ሲነሣ አብዱ ከጆንያው ላይ ሆኖ «ሞራውን እንዳትረሺ!» እያለ ይጮህልኛል። ተደብቄ አለቀስኩ፣ ግን እንደሚመለስ ሰው ነው ያለቀስኩለት።

ከርሞ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሬዲዮው ዝም አለ። የአሸናፊዎች አሸናፊ ይደረጋል እስኪባል እንጠብቃለን፣ ወሬ የለም። ጎበዜ «አዲስ አበባ ካልተደረገ የእኛም አይደረግም» ብሎ ተከራከረ፣ አብዱም በአውቶቡስ ረዳት በኩል «በሬዲዮ ስሰማ እመጣለሁ» ብሎ ላከ። የአገሪቱ ጨዋታ አንድ ጊዜ ይደረጋል፣ ሌላ ጊዜ ይቀራል፣ እንዲያ ሲል ሲል ጨርሶ ተረሳ። ቀረ ብሎ የነገረን ሰው የለም፣ ዝም ብሎ ነው የቀረው። እኛም አደግን። ሰፈሩ ተበተነ፣ ደረጀ ለሥራ አዲስ አበባ ገባ፣ እኔ እዚሁ ማርቆስ መምህር ሆንኩ። ኳሷን ግን በየዓመቱ ሞራ እቀባታለሁ፣ ካመነዳሪዋ ሲያረጅ አስቀይሬላታለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያገባኝ ስለ ሽታው አልተነገረውም።

አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ፣ አያ ምህረቴን ገበያ አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል። «አያ ምህረቴ፣ እውነት አንድ ቡድን መሆናችን ሳይገባዎት ቀርቶ ነው?» አልኳቸው። በቀሩት ጥርሶቻቸው ሳቁ። «ልጄ፣ እንዴት አይገባኝ! ኳሷን ለወንድምሽ ብሰጥ ያ ልጅ ከፍቶት ይሄዳል። ለእሱ ብሰጥ ኳሷም እሱም ሄደው ይቀራሉ። ባይሆን ቀጠሮ ይኑረው፣ ቀጠሮ ካለው ይመጣል ብዬ ነው» አሉኝ። እሳቸውም ካረፉ ስንት ጊዜያቸው።

ልጁም መጣ፣ ዘግይቶ ቢሆንም። አብዱ ዛሬ የራሱ አይሱዙ አለው፣ ከደጀን ባሕር ዳር ይመላለሳል፣ በማርቆስ ባለፈ ቁጥር ቤቴ ጎራ ይላል። ግን ጳጉሜ ሦስትን ሦስታችንም ማርቆስ ላይ ሆነን አናውቅም ነበር። ዘንድሮ ደረጀ ለበዓል መጣ፣ አብዱም ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ቀኑ ገጠመ። ናሆም «ታዲያ ዛሬ ጨርሱታ!» አለ። ልጅ ነው፣ ነገር እንዲያልቅለት ይወዳል።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሄድን። የሜዳው ግማሽ ኮብልስቶን ሆኗል፣ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ የብሎኬት አጥር ቆሟል፣ አህያም የለም። ሁለት ድንጋይ አስቀምጠን ጎል ሠራን። እኔ ነጠላዬን አገልድሜ ቆምኩ፣ ናሆም በስልኩ ሊቀርጽ ተዘጋጀ፣ ደረጀ በጣቱ ሊያፏጭ ሞክሮ አልሆንለት አለ። አብዱ ኳሷን አስቀመጠ። ቁመቱ ያው ነው፣ ሆዱ ግን ራሱን ችሎ አድጓል። ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ የጫማውን ክር አሰረ። እንደገና ሄደ። ተመለሰና ኳሷን በመዳፉ ጠራረጋት። «ድንጋዮቹ ልክ አይደሉም» አለ፣ ተስተካከለለት። ሌላውን ጫማውን ፈትቶ አሰረ። ናሆም «ጋሼ አብዱ፣ ይምቱ እንጂ!» ሲል ጮኸ።

ያኔ ነው የገባኝ። ክሩን የሚያስረው ሰውዬ ዓይኑ ጫማው ላይ አይደለም፣ ጮቄ ላይ ነው። ደመናው ጠቁሮ እየመጣ ነው። ሳቄን አፈንኩና «አብዱ፣ ቀኝ ጫማህ እንደገና የላላ ይመስለኛል» አልኩት። «አይደል?» አለኝ፣ ጎንበስ ብሎ። ልቤ ሞላ። እነዚህ ሁለት ጎልማሶችና እኔ አሮጊቷ በረኛ፣ ሦስታችንም ቆመን ዝናብ እንጠብቃለን! የአገሪቱ ዋንጫ እንዲህ ለከርሞ እየቀጠረ የሚያቆየው ሰው አጥቶ ይሆናል የቀረው፣ እንጃ።

አንድ ጠብታ ኳሷ ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ የአብዱ ራሰ በራ ላይ። ከዚያ ማንም ሳያፏጭ ዝናቡ ወረደ። አብዱ ኳሷን ትቶ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ሩፋኤል አሳድገኝ!» ሲል፣ ደረጀ «ኧረ በቃህ! ወደ ጎን እኮ ነው ያሳደገህ!» እያለ ሸሚዙን ወደ ማውለቅ ሄደ። ኮብልስቶኑ ላይ ጥላ ዘርግተው የቆሙ የሰፈሩ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹናል። ስልኩን ጥሎ ዝናቡ ውስጥ የገባው አንድ ናሆም ነው። እኔም ገባሁ፣ ተማሪዎቼ ያዩኛል ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ስንበሰብስ ቆይተን ደረጀ የአያ ምህረቴን ድምፅ ለመምሰል እየሞከረ «ለከርሞ ጳጉሜ ሦስት ተቀጥሯል!» አለ፣ እኛም እጅ ነሣን።

ኳሷን በነጠላዬ አብሼ ወደ ቤት ወሰድኳት። ገና ጸጉሬን ሳላደርቅ ናሆም ከጓዳ የሞራውን ጣሳ ይዞልኝ መጣ፣ አፍንጫውን ሳይዝ። አጠገቤ ተቀመጠና ስፌቷን በጣቱ እየተከተለ መቀባት ጀመረ። «እማ» አለኝ ትንሽ ቆይቶ፣ «ለከርሞ የማፏጨው እኔ ነኝ።»